ጽዋው ያለበት ግድግዳ

ሐሙስ፣ የካቲት 7 ቀን 1977 ዓ.ም.፤ ሮተርዳም

ይህን ደብተር የምጀምረው በአንድ ምክንያት ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ጥፋተኛ ተብያለሁ፣ ጥፋቴም እውነት መናገሬ ነው። ክርክሬን በቃል ሳቀርብ ስለሚሳቅብኝ፣ ነገሩን ከመነሻው በጽሑፍ አስቀምጣለሁ።

በጥር ወር የወጥ ቤታችን ሶኬት ጠቆረ፤ የተቃጠለ ላስቲክም ሸተተ። አጎቴ ጋሼ ገብረሥላሴ መዳፋቸውን አስጠግተው «ሞቅ አለ እንጂ አልተቃጠለም» አሉና የቀን መቁጠሪያ ሰቀሉበት። እኔ ግን የቤቱን የመድን ውል አንብቤዋለሁ፤ ከዚህ ቤት ሰው ያነበብሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቱ ማናቸውንም የኤሌክትሪክ ጉድለት ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት ይላል። የጋሼን የሆላንድኛ ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ፣ አሳወቅሁ።

ሄግ ያለው የመድን ድርጅት ሚኒር (በእኛ ‹አቶ›) ስሆውተን የሚባል መርማሪ ላከ። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሶኬቱን ፈቶ አየና፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ሽቦ አሉሚንየም እንደሆነ፣ ምናልባትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ ሲጠፋ የተዘረጋ እንደሚሆን ነገረን። ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። እስከ መጋቢት 20፣ በእነርሱ እስከ ማርች 29፣ ሽቦው ሁሉ በመዳብ ተቀይሮ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልፈረመበት መድኑ ይቋረጣል። መድን የሌለው ቤት ላይ ባንኩ ብድሩን አይቀጥልም። ብድሩ ከሌለ ቤቱ የለም።

እራት ላይ ጋሼ እንዲህ አሉ፤ «ኢንሹራንስ ማለት እድር ነው ብለሽኝ ነበር።»

«በመሠረቱ አዎን።»

«እድር እኮ የሚመጣው ከሞትሁ በኋላ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ‹በምን ልትሞት አስበሃል› እያለ አስቀድሞ ቤቴን አይበረብርም።»

ባለቤታቸው እትዬ ብዙወርቅ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ንጽጽሩ የተሟላ አይደለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሽቦውን የሚቀይርልን ሰው መጣ። ስሙ ዮውሃንስ ነው፤ በሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ውስጥ ያሉት የእማማ ለተሃይማኖት የእኅት ልጅ። አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ አሁን በአምስተርዳም አጠገብ ዲመን ተቀምጦ ከአንድ ሆላንዳዊ አለቃ ጋር የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ። ሥራውን ቅዳሜ ቅዳሜ እርሱ ይሠራል፤ ፈቃድ ያለው አለቃው አይቶ ይፈርማል።

ችግሩን አስረዳን። አሉሚንየም ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በዚህ ዓይነት ዓመታት ሲያልፉ ከብሎኑ ሥር ይላላል፤ የላላው ደግሞ ይሞቃል። ይህን ሁሉ ከቤተ መጻሕፍት ባመጣሁት መጽሐፍ አንብቤው እንደነበር ነገርሁት።

«ታዲያ መጽሐፉ ለምን አልቀየረውም?» አለኝ።

ስለዚህ ሰው ሦስት ነገሮችን እመዘግባለሁ። አንደኛ፣ እኔ «እርስዎ» እያልሁት እርሱ ማንንም ሳያስፈቅድ «አንቺ» ይለኛል። ሁለተኛ፣ ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ያውም ዜማውን ግማሽ ላይ እየተወ፣ ሰሚው ራሱ እንዲጨርሰው። ሦስተኛ፣ ፒንሳውን መጽሐፌ ላይ አስቀመጠ።

ይህን የጻፍሁት ለትክክለኛነት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ባቡር ላይ። ወደ ሄግ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ትምህርቴ። ጾም ገባ።

ጠዋት ጋሼ ለእትዬ ሲናገሩ ሰማሁ። «እውነት መናገሩስ ደግ ነበር፤ ግን አስቀድሞ ለማን?»

ምን ማለታቸው ነው? እውነት ለሚመለከተው አካል ነው የሚነገረው። ተናግሬያለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 17፤ ማታ

ዛሬ የሚካኤል ማኅበራችን ሄግ ነበር። ሁላችንም ሥራና ትምህርት ስላለብን በዓሉ ከዋለ በኋላ ባለው እሑድ ነው የምንሰበሰበው። ጽዋው ከአምስተርዳም ወደ ሄግ፣ ከሄግ ወደ ሮተርዳም በባቡር ይዞራል። ዛሬ የተረከቡት ጋሼ ናቸው፤ የሚመጣው ወር ተረኛ እኛ ነን ማለት ነው።

ጽዋውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ትኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ እጃቸውን አላላሉም፤ ትኬቱን ከካፖርታቸው ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው «ሕፃን ነው?» ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ። ጋሼ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አላረምኋቸውም፤ ይህ ከአቋሜ ጋር አይሄድም።

ቤት እንደደረስን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መዶሻ አመጡ። በፊት ለፊቱ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወፍራም ምስማር መቱ፤ የሚካኤልን ሥዕል ሰቀሉ፤ ከሥሩም ትንሽ መደርደሪያ አቁመው ጽዋውን አኖሩ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ቆሙ።

«ዘጠኝ ዓመት በመርከብ ስሠራ» አሉ፣ «ይህ ሥዕል የኖረው ሻንጣ ውስጥ ነው። የሰው ብረት ላይ ምስማር አይመታም።»

እትዬ «ጠመም ብሏል» አሏቸው።

«ይጥመም። ግድግዳው የኔ ነው።»

ደንቡንም ነገሩኝ፤ እንግዳ የሆነብኝ ይመስል። ጽዋ አንዴ ከተቀመጠ ከተረካቢው በቀር ማንም አያነሣውም። ተረካቢዋ እማማ ለተሃይማኖት ናቸው፤ የሚያነሡትም በማኅበሩ ዕለት፣ መጋቢት 15።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ወጥ ቤቱ፣ ደረጃውና የላይኞቹ ክፍሎች አልቀዋል። ከግድግዳው የሚወጣው አሮጌ ሽቦ የደረቀ የሽንብራ ገለባ ይመስላል።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ዮውሃንስ የፊት ለፊቱን ክፍል ግድግዳ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ሄደ፤ ሄደና ከጽዋው መደርደሪያ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«የምድር ቤቱ ሽቦ ሁሉ የሚገናኝበት ሳጥን እዚህ ውስጥ ነው።»

«እዚህ አይነካም» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ተቀይሮ ይህ ከቀረ፣ ራስን ታጥቦ ሻሹን ሳያጥቡ እንደማሰር ነው።»

«ከማኅበሩ በኋላ።»

ዮውሃንስ አስረዳቸው። ሥራው ሙሉ ቀን ይፈጃል። አለቃው ቤቱን የሚያየው ሰኞ መጋቢት 16 በማለዳ ነው፤ በማግስቱ በረዶ ሊንሸራተት ወደ ተራራ ይሄዳል። ማኅበሩ የሚበተነው እሑድ ማታ ነው። ቅዳሜ መጋቢት 14 ካልተሠራ አይሠራም።

ጋሼ ጋዜጣቸውን ገለጡ። ገጹ የተገለበጠ መሆኑን ለመናገር ጊዜው አልነበረም።

ዮውሃንስ ሲሄድ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያትተውን መጽሐፌን ተዋሰኝ። የመመለሻውን ቀን ነግሬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30

ዛሬ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ዮውሃንስ ቆጣሪውን ለማየት ከዲመን መጣ። ቆጣሪው ደኅና ነው። ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ፈጀበት።

መጽሐፉን አላመጣም፤ «አርባኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አለ። ስለ ምዕራፍ ሁለት ጥያቄ ነበረው። ጥያቄው ጥሩ ነበር።

ማታ እትዬ «ያ ሰማያዊ ቀሚስ የቅዳሜ ሆነ እንዴ?» አሉኝ። ቀሚሱ ታጥቦ የሚደርቀው አርብ ስለሆነ ነው።

አርብ፣ መጋቢት 6

ከሁሉ የከፋው ቀን። በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ሚኒር ስሆውተን ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት መጣ። ጋሼ የወደብ ሆላንድኛቸው መልካም ነው፤ ባለሥልጣን ፊት ግን በእኔ በኩል መናገር ይመርጣሉ። ሰውየው እየዞረ አየ፣ ተደሰተ። ከዚያ የፊት ለፊቱ ክፍል ገባና፣ «በዚህ ግድግዳ ውስጥ ያለውስ?» አለ።

ጋሼ ከመደርደሪያው ፊት ቆሙ። «ያንን ሚካኤል ይጠብቀዋል በይው።»

ተርጓሚ ከቀነሰ ዋሸ ማለት ነው። እንዳለ ተረጎምሁት።

ሚኒር ስሆውተን እስክሪብቶውን አወጣ። «ሚካኤል ማን? ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው?»

ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። አሰብሁበት። ጥያቄው አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ነበረው።

«ፈቃድ የለውም» አልሁ።

ጋሼ ይህን ያህል ሆላንድኛ አያመልጣቸውም። «የመላእክት አለቃ ፈቃድ የለውም አልሽ?»

«በእነርሱ ደንብ ማለቴ ነው፣ ጋሼ።»

እትዬ ብዙወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ወጥ ቤት ሸሹ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በበሩ ይታየኝ ነበር።

ሚኒር ስሆውተን በትሕትና፣ ግን ሳያመነታ፣ የምድር ቤቱን ፊውዝ ነቅሎ በፖስታ ውስጥ አሸገና ለእኔ ሰጠኝ። ወረቀቱ ተፈርሞ እስኪመጣ እንዳይመለስ፤ ጧፍ ቢበራም አሸዋ በሞላበት ሳህን ላይ ይሁን አለ። «እርስዎ የሚታመኑ ነዎት» አለኝ። ምስጋና ነው። እንደ ምስጋና አልተሰማኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ምድር ቤት ጨለማ። ጋሼ አያናግሩኝም። እትዬ «የቤቱ ብርሃን መሳቢያሽ ውስጥ ነው፣ ደስ ይበልሽ» አሉ፤ ቀልድ ነው።

ፊውዝ ከማዕዘኑ ሱቅ ይገዛል። ጋሼ ይህን ያውቃሉ። አልገዙም። የሌላ ሰው እሽግ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ይህን ማንም አልጠየቃቸውም።

ዮውሃንስ ስልክ ደወለ። ጽዋውን ከማንሣት ውጪ ሌላ መንገድ እንደሌለ፣ ግድግዳውን ከወዲያ በኩል መክፈት እንደማይቻል ነገረኝ፤ ወዲያ የጎረቤት ቤት ነው። ከዚያ «አንቺስ ደኅና ነሽ?» አለ። መስመሩ ጥራት ስላልነበረው ቶሎ ዘጋሁ።

ደንቡን አሰብሁት። ከተረካቢው በቀር ማንም አያነሣውም። ከተረካቢው በቀር።

እሑድ፣ መጋቢት 8፤ ማታ

አምስተርዳም፣ ቢልመር ሰፈር ሄጄ መጣሁ። እማማ ለተሃይማኖት በሆስፒታል የጽዳት ሥራ ይሠራሉ፤ ዛሬ ዕረፍታቸው ነበር። ሥዕላቸው ማቀዝቀዣው ላይ ቆሟል።

«ኮንክሪት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሦስት ምስማር አጠመመብኝ። ሚካኤልም ከጎመኑ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።»

ክርክሬን አቀረብሁ። ደንቡ የሚከለክለው ከተረካቢ በቀር ሌላ ሰው እንዳያነሣ ነው። ተረካቢዋ ቀደም ብላ እንዳታነሣ አይከለክልም፤ አንሥታም መልሳ ለባለ ተራው እንዳትሰጥ አይከለክልም። ስለዚህ ቅዳሜ መጥተው ጽዋውን ቢያነሡ፣ ሥራው እስኪያልቅ በእጃቸው ቢቆይ፣ ከዚያም ለጋሼ ቢመልሱ፣ ደንቡ አይጣስም።

እስክጨርስ ሰሙኝ። «አንቺ የምትማሪው መጽሐፍ መደርደር ነው ወይስ ጥብቅና?»

«ደንቡን ነው የተናገርሁት፣ እማማ።»

«ደንቡን ተናገርሽ። ግድግዳውን፣ ሽቦውን፣ አለቃውን ተናገርሽ። የሠራተኛውን ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሽም።»

ስሙ ለክርክሩ አስፈላጊ አልነበረም።

«ለመሆኑ ገብረሥላሴ ምን አለ?»

«ገና አልነገርኋቸውም። መጀመሪያ የእርስዎን ፈቃድ ላግኝ ብዬ ነው።»

እማማ ሻይዬን ቀዱልኝ። «ሶኬቱንም እንዲሁ ነው ያደረግሽው አሉ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ባለቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ደብዳቤው ወደ ሄግ።»

በሜትሮውም በባቡሩም ለዚህ መልስ ስፈልግ ነበር። ውሉ «ሳይዘገይ» ይላል። አዎን። ለጋሼ ለመንገር ግን ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር? ከወጥ ቤት እስከ ሶፋ።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ጋሼን ጠየቅኋቸው። አላስረዳሁም፣ ጠየቅሁ። ልዩነቱን መጠበቅ ከባድ ነበር።

ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ሶኬቱ የጠቆረ ዕለት እንዲህ መጥተሽ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«እሺ ይሉኝ ነበር?»

«አልልም ነበር» አሉ። «ግን ተጠይቆ እምቢ ማለት ሌላ ነው።»

ከዚያም «ለተሃይማኖት ትምጣ። ምስማሩን ግን እኔ ነኝ የምነቅለው» አሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

እማማ ለተሃይማኖት በማለዳው ባቡር ደረሱ። ነጭ ለብሰዋል። ከሥዕሉ ፊት ተሳልመው ጽዋውን አነሡ፤ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ያዙት። እስከ ማታ ከዚያ አልተነሡም። የሚያልፈውን ሁሉ ግን አላሳለፉም። እትዬን የምስሩ ቁሌት አረረ አሏቸው፣ ዮውሃንስን አቧራ አታስነሣ አሉት፤ እኔን ባትሪ መብራቱን በትክክል አልያዝሽም አሉኝ። እኔ መብራት ያዥ ነበርሁ። አጠገቡ መቆም ግድ ነበር።

ጋሼ ሥዕሉን አወረዱ። ምስማሩ ግን አልወጣ አለ። «ልስኑን ልክፈትና ከሥሩ እንየው» አለ ዮውሃንስ። ከፈተው። ማንጎራጎሩንም አቆመ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ።»

የምስማሩ ጫፍ የሳጥኑን ክዳን በስቶ ገብቶ፣ በሁለቱ አሮጌ ሽቦዎች መካከል ቆሟል። በግራ የስንዴ ቅንጣት ታህል ክፍተት፣ በቀኝም እንዲያው።

«ምስማሩ የተመታ ማታ መብራቱ ጠፍቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ ዮውሃንስ።

«በርቶ ነበር» አልሁ እኔ። ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ የመዶሻውን ብረት፣ የጋሼን እጅ፣ እንዴት ቀጥ ብለው እንደቆሙ። የያዝሁት መብራት ግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጠ። ዮውሃንስ ሳያየኝ ክርኔን ደገፈ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀና አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈቃድ የለውም አልሽ» አሉኝ።

በኮሪደሩ እማማ ለተሃይማኖት ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። እትዬ ሳቁ፤ ዮውሃንስ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለትክክለኛነት መመዝገብ አለበት።

ሲመሽ ግድግዳው ተዘጋ። ዮውሃንስ አዲሱን ሳጥን ወደ በሩ አጠገብ አዛውሮታል። «ከእንግዲህ እዚህ የፈለጉትን ያህል ይምቱ» አላቸው። ጋሼ ምስማሩን አቃንተው እዚያው ቦታ መለሱት። ጠመም ብሏል። እማማ ጽዋውን ሰጧቸው፤ ጋሼም ሁለተኛ ጊዜ ተረከቡ።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ማኅበሩ ዋለ። ማዕዱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀረበ፤ ሱፍ ፍትፍት፣ ምስር፣ ስልጆ። ሱፉ የተገዛው ከወፍ መኖ ሱቅ መሆኑን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ማንም መብላቱን አላቆመም።

ፊውዙ መሳቢያዬ ውስጥ ስለሆነ መብራት አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ክፍሉ ቀስ በቀስ ደበዘዘ፤ በአሸዋው ሳህን ላይ አንዲት ጧፍ ብቻ ቀረች። ጋሼ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው እየዞሩ «ተቀመጡ፣ ገና ነው» ይሉ ነበር። ሥዕሉን ማንም እንዳያልፈው በበሩ ትይዩ ቆመው ነበር ያሳዩት። እማማ ጽዋውን ይዘው ሲወጡ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኟቸው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

አለቃው ትናንት መጥቶ አይቶ ወደደው። ወረቀቱን ዛሬ ከመንገዱ በፊት ቢሮው ሄዶ ይፈርማል፤ ዮውሃንስ ይቀበለዋል። ሊቀር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱ በጊዜ ሄግ፣ መድን ቤቱ መድረሱ። ይህን ጊዜ ጋሼን አስቀድሜ ጠየቅሁ። «ልጁ ራሱ ያምጣው፤ ካንቺ ጋር ሆኖ ይስጥ» አሉ፤ ጋዜጣቸውን ገልጠው። ገጹ ዛሬም ተገልብጦ ነበር።

ለዮውሃንስ የላክሁት ማስታወሻ ቅጂው ይህ ነው።

«ዮውሃንስ፣ የተፈረመውን ወረቀት በፖስታ እንዳትልከው እለምንሃለሁ፤ ፖስታ ሊዘገይ ይችላል፣ ቤታችንም በዚያ ወረቀት ላይ ነው የቆመው። አንተ ራስህ ይዘኸው ና። መጽሐፌንም አምጣው፤ ቀኑ አልፏል፤ ካልጨረስኸው ግን እንዳልጨረስኸው ንገረኝ። ከመድን ቤቱ ስንወጣ አብረን ሮተርዳም እንመለሳለን፤ የታሸገው ፊውዝ ከእኔ ዘንድ ነው፣ አንተ ብትመልሰው እወዳለሁ። ሄግ፣ ሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ፣ በትልቁ ሰዓት ሥር እጠብቅሃለሁ። አርብ፣ መጋቢት 20፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።»